እትዬ ፍሬን እና ማስታገሻው

መኪና መንዳት የምታስተምረውን ሴት ተማሪዎቿ በሙሉ «እትዬ ፍሬን» ነው የሚሏት። በማስተማሪያ መኪናዋ ውስጥ በእሷም በኩል አንድ ፍሬን አለ፤ ተማሪው ገና ሳይሳሳት ትረግጠዋለች። ከደረጃ ወድቃ ትከሻዋ በተሰበረ ጊዜ እንኳ ብዙ አልተኛችም። «የተሰበረው ትከሻዬ እንጂ አፌ መሰላችሁ እንዴ?» ብላ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ ሥራ ገባች።

ትከሻዋን ያየው ሐኪም ትራማዶል የሚባል ጠንከር ያለ ማስታገሻ አዞላት ነበር። ሕመሙን ጸጥ አደረገላት፤ ነገር ግን ያፈዛታል፣ ምግብም አስጠላት። ስኳር በሽታ ካለባት ቆይቷል። አንድ ቀን ጠዋት የስኳር ክኒኗን እንደ ወትሮው ዋጠች፤ ቁርሱን ግን ቀመስ አድርጋ ተወችው።

የዕለቱ ተማሪዋ ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላጭ ሲይዝ እጁ ንቅንቅ አይልም፤ መሪ ሲይዝ ግን እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ከሰፈር ውስጥ መንገድ ወጥቶ አያውቅም።

«ወደ ግራ» አለችው፣ በእጇ ቀኙን እያሳየች።

«የቱን ልስማ እትዬ? አፍዎን ነው እጅዎን?»

ዞር ብሎ ሲያያት ፊቷ በላብ ተጠምቋል። በራሱ ሐሳብ ዳር ይዞ ቆመ።

«ምን ሆኑ?»

«ክኒኑ ነው። ያፈዘኛል አላልኩህም?»

«መፍዘዝ እንዲህ ላብ ያመጣል እንዴ?»

ነገሩ ገባት። ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ ነው፤ ልቧም ድው ድው ይላል። ይህን ስሜት ታውቀዋለች፤ ማስታገሻው ነው ያሳሳታት። ከቦርሳዋ የስኳር መለኪያውን አውጥታ ጣቷን ወጋች። ስኳሯ ከሃምሳ በታች ወርዷል። ጊዜ አላጠፋችም፤ ለክፉ ቀን የያዘችውን ጣፋጭ ጭማቂ ጭልጥ አደረገችው። ትንሽ ጠብቃ ስትለካ ከፍ ብሏል።

«አሁን የስኳር ሐኪሜ ዘንድ ውሰደኝ።»

«እኔ? በዋናው መንገድ?»

«ታዲያ ማን አለ? ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ትችላለህ፤ ባትችል ንዳ አልልህም ነበር።»

ነዳ። ከኋላ ጥሩንባው ቢያደነቁረውም ነዳ። እሷ እግሯን ከፍሬኑ አርቃ ተቀመጠች።

የስኳር ሐኪሟ ነገሩን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ማስታገሻ አንዳንድ ሰው ላይ ስኳር ያወርዳል። የስኳር ክኒን ለሚውጥ፣ በዚያ ላይ ላልበላ ሰው ደግሞ ይብሳል። ማፍዘዙ ምልክቱን ይሸፍነዋል።»

«እና ሕመሜን ተሸክሜ ልኑር?»

«ኧረ በፍጹም! ትከሻሽን ካየው ሐኪም ጋር ተነጋግሬ በሌላ እንቀይረዋለን። የስኳር ክኒንሽንም ለጊዜው እንቀንሳለን። አንቺ ቶሎ ቶሎ ተለኪ፣ ምግብ አትዝለይ።»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አለች እትዬ ፍሬን። አነጋገሯም እንደ ድሮው ነበር።

ስትወጣ ፀጉር አስተካካዩ መሪውን እንደጨበጠ አገኘችው። ሞተሩ እየሠራ ነው።

«ምነው አላጠፋኸውም?»

«ካጠፋሁት ድፍረቴም አብሮ የሚጠፋ መሰለኝ።»

ሳቀች፤ ትከሻዋ ቆረጠማት፤ ቢሆንም ሳቀች። «በል ማርሽ አስገባ» አለችው በሩን እየዘጋች፣ «መጀመሪያ ምሳ የምበላበት ቤት ውሰደኝ።»