ባለ ሹራቧ ምስክር

የሆቴሉ ጠበቃ «ምስክራችን ይግቡልን» ሲል የችሎቱ በር ተከፈተና የካውያ ታናሽ እህት ገባች።

እህቷ ለእሷ ልትመሰክር የመጣች መስሏት የካውያ ፊት በራ። እህቷ ግን ቀና ብላ እንኳ ሳታያት አልፋ በጠበቃው በኩል ቆመች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ «ተረኛ ነኝ» ነበር ያለችው።

ካውያ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረዋት የሚሠሩት «ሲነኳት ታቃጥላለች» ብለው የለጠፉባት ነው፤ እውነትም ምላሷ ለአለቃ አይመለስም። የተባረረችው «ሆን ብላ ማሽን አቁማ ሥራ አስተጓጉላለች» ተብላ ነው። ማቆሙንስ አቁማለች። የአንሶላ መተኮሻው መከለያ ከተሰበረ ሰንብቶ ነበር፤ ለአለቃው ብትነግረው ብትነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ ቀን የጋለው ብረት የእህቷን እጅ ከአንሶላው ጋር ሲስበው ዘላ ማጥፊያውን መታችው። ከዚያም «ሳይጠገን ማንም አይነካውም» ብላ ማሽኑ ፊት ተገተረች። በማግስቱ በር ላይ መታወቂያዋን ተቀበሏት።

ነፃ የሕግ ምክር የምትሰጠው ሴት ጉዳዩን ስትሰማ ተስፋ ሰጥታት ነበር። «ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። አደጋ አይታ ማሽን ያቆመች ሠራተኛ አትባረርም፤ ወደ ሥራሽ ይመልሱሻል። ብቻ ያየ ሰው አምጪ።»

ያየ ሞልቶ የሚመሰክር ጠፋ። አንዷ «ልጆቼን ላሳድግበት» አለቻት፣ ሌላው ስልኩን ዘጋ። እህቷን ግን ካውያ ራሷ አልጠየቀቻትም። ሁለቱም ሥራ ከፈቱ ለስኳር ሕመምተኛዋ እናታቸው መድኃኒት ማን ይገዛል?

ዳኛዋ ምስክሯን ቃል አስገቧት። «በዕለቱ የት ነበርሽ?»

«ማሽኑ አጠገብ።»

«ያየሽውን ንገሪን።»

«ማሽኑ ደህና ነበር» አለች ወለሉን እያየች። «እትዬ... ማለቴ ከሳሿ፣ ካለቃችን ተጣልታ በንዴት አጠፋችው።»

«የተጎዳ ሰው ነበር?»

«ኧረ ማንም!»

ክፍሉ ይወብቃል። ጠበቃው እንኳ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቅሏል። ምስክሯ ግን ወፍራም ሹራብ ለብሳ የቀኝ እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ስባ ጨብጣዋለች። ሹራቡ የካውያ ነው። ከእጅጌው ሥር ያለውንም ካውያ ታውቀዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ቅባት እየቀባች ያዳነችው እሷ ናት።

«ከሳሽ፣ ምስክሯን የምትጠይቂው አለ?» አሉ ዳኛዋ።

ካውያ ብድግ አለች። «እጅጌሽን ሰብስቢ» ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። ጠባሳው ይመሰክርላታል፣ እሷም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እህቷ ግን በሐሰት መስክራ ወዴት እንደምትወሰድ ማን ያውቃል።

«ምን ብለው አስፈራሩሽ?» አለቻት ሳታስበው።

ጠበቃው ተነሳ። «ክብርት ዳኛ፣ ይሄ ከጉዳዩ ውጪ ነው።»

«ስለ ማሽኑ ብቻ ጠይቂ» አሏት ዳኛዋ ለስለስ ብለው።

እህቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ከንፈሯ «እትዬ» ሲል ታየ፤ ድምፁ አልወጣም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራ ይሆናል፤ እናታቸው ግን እስኪጠራ ያለ መድኃኒት አታድርም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሁሉን አስበዋል፣ ሁለት እህትማማች ባንድ አለቃ እጅ ሊወድቁ እንደሚችሉ ግን የገመተ የለም።

«አለሽ ወይስ የለሽም?» አሉ ዳኛዋ።

«የለኝም።» ምላሰኛዋ ካውያ ይህን ብላ ተቀመጠች። እጅና እግሯ የታሰረ ያህል ነበር የተሰማት።

ዳኛዋ አቀርቅረው መጻፍ ጀመሩ። እህቷ እንባዋን ልትጠርግ ቀኝ እጇን ስታነሳ እጅጌው ወደ ክርኗ ተንሸራተተ። ካውያ ጉሮሮዋን ጠረገችና የራሷን እጅጌ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገች። እህቷም ገባትና ጠባሳውን ሸፈነች።