አርባ አምስት ደቂቃ የንፋስ ትምህርት

ሥራዬ መምህራን የከፈቱትን ማየት ነው። የትኛው ትምህርት ቤት የትኛውን ቪዲዮ ከፈተ፣ ስንት ደቂቃ አቆየው፣ ተመልሶስ መጣበት ወይ? ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ይለቃቅምና «ለሌሎች መምህራንም ይመከር» የሚል ዝርዝር ያወጣል፤ እኔ አይቼ አጸድቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሴት መዋያዬ ይኸው ሆነ። ጉሮሮዬን ቀዶ ጥገና ካደረግኩ ወዲህ ድምፄ ከሹክሹክታ አያልፍም፤ በሹክሹክታ ደግሞ ስልሳ ልጅ ጸጥ አይልም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ሳምንት አንድ ትምህርት ቀርጬ ነበር፤ «ንፋስ ከየት ይነሳል?» የሚል። ድምፄ የቀረው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። እኔም ቤቴ ብቻዬን ሆኜ አልከፍተውም፤ አንዴ ሞክሬ እራቴን ሳልበላ ተኝቻለሁ።

ዘንድሮ ግን አንድ ትምህርት ቤት ከፈተው። በየቀኑ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አርባ አምስቱንም ደቂቃ። ስድስት ሳምንት ሙሉ! ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ እግሬ መሬት አልነካም። አራት ሰዓት ሲቃረብ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ሻዬን ይዤ ስክሪኑ ፊት እቀመጥ ጀመር።

ኮምፒውተሩም ትምህርቴን ከዝርዝሩ አናት ላይ አወጣው። አለቃዬ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። «እትዬ፣ ይሄንን ሰኞ ለሦስት መቶ ትምህርት ቤት እንልቀቀው። ያጽድቁልኝ» አለኝ። የማን ድምፅ እንደሆነ አያውቅም፤ እኔን ያወቀኝ እንዲህ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ከማጽደቄ በፊት መምህሩን ልየው አልኩ። ሰበቤ ሥራ ነበር፤ እውነቱ ግን ሙገሳ አምሮኝ ነው። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ከከተማው ዳር ደረስኩ። ያገናኙኝ ከሒሳብ መምህር ጋር ነው። የጠመኔ እጁን በኮቱ ጠርጎ ጨበጠኝ።

«ስለ ንፋሱ ትምህርት ነው የመጣሁት» አልኩት። እስኪሰማኝ ሁለቴ ደገምኩለት።

አንገቱን ደፋ። «ተነቃብኝ አይደል? ይቅርታ እናቴ። መልመጃዎቼን ለልጆቹ የማሳየው በዚህ የክፍሉ ኮምፒውተር ነው፤ አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ካልተጫወተበት ግን ራሱ ይዘጋል። መልሼ እስክከፍተው ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ ረጅሙን ቪዲዮ ፈልጌ ከመልመጃው ጀርባ አጫውተዋለሁ።»

«ልጆቹ አይሰሙትም?»

«ኧረ ድምፁን ዘግቼ ነው! እሷ እየለፈለፈች እኔ እንዴት ላስተምር?»

ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ክፍሉ ባዶ ነበር። «እስቲ አንዴ ድምፁን ክፈተው» አልኩት።

ከፈተው። «ከኋላ ያላችሁ ልጆች፣ ይሰማል?» አለች ያቺ ሴት። ትንሽ ቁጣ ያለበት ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። ከዴስኮቹ መልስ የሰጣት የለም።

«ጎበዝ ትመስላለች» አለ መምህሩ። «ማን ናት?»

«አንዲት መምህርት ነበረች።»

አልሰማኝም መሰለኝ፣ ጆሮውን አስጠጋ። ይህን አልደገምኩለትም።

ቢሮ ስመለስ ዝርዝሩ እየጠበቀኝ ነበር። ባጸድቀው ማንም አያውቅብኝም፤ ቁጥሩ እንደሆነ ቆንጆ ነው። ሰኞ ድምፄ ሦስት መቶ ትምህርት ቤት ይገባል። ግን እኔ ራሴ መምህር ሳለሁ ከላይ የማይረባ መጽሐፍ በተላከልኝ ቁጥር «ማን ተጠቅሞበት አይቶ ነው?» እያልኩ ስራገም የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰረዝኩት። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ «አልተደመጠም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬም ድምፅ የለውምና ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ያ ትምህርት ቤት እንደ ልማዱ የንፋሱን ትምህርት ከፈተ። ድምፁን ይክፈተው ይዝጋው ኮምፒውተሩ አይነግረኝም። አርባ አምስቱ ደቂቃ እስኪያልቅ ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ።