በሁዳዴ እንቁላል የበላ

ጋሽ ገብረዋሕድ የሰው ጥፋት ከፊቱ ላይ ይነበባል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሲሠሩ፣ የጠፋ ፋይል በማን መሳቢያ እንዳለ ሰውየውን አይተው ይናገሩ ነበር። አንዳንዴም ልክ ይሆናሉ። ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ተስፉ ለሚ ኩራ ከሠራው ቤት ሲገቡ ግን ለዚህ ሁሉ ችሎታ የተረፉት ስድስት የሐበሻ ዶሮዎች ብቻ ሆኑ።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት እንቁላል ይጎድል ጀመር። የሚጠራቀመው ለፋሲካ ነው፤ በቤቱ የሚቀምሰው የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የጋሽ ገብረዋሕድ እንቁላል ግን ምን እንዳስቸኮለው አልታወቀም። ጠዋት ዶሮዋ ጥላ ስታስካካ ይሰማሉ፣ ከሰዓት ሊሰበስቡ ሲሄዱ ጭዱ ባዶ ነው።

አንድ ቀን ከዶሮው ቤት ጀርባ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር ቅርፊት አገኙ። ተሰባብሯል፣ ግን አልተበታተነም፤ በውስጠኛው ስስ ቆዳ እንደተያያዘ ተጨማዷል። ጠብታ እንኳ አልቀረበትም። በማግስቱ ሌላ አገኙ። ሸለምጥማጥ ቢሆን ዶሮዋን ራሷን ይወስዳት ነበር፣ ውሻም ቢሆን ቅርፊቱን አያስተርፍም። ስለዚህ ጋሽ ገብረዋሕድ ፊት ወደ ማንበብ ተመለሱ።

ቀን ቀን ከእሳቸው ጋር ቤት የምትውለው የተስፉ ሚስት ዲና ናት፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር። የንስሐ አባቷ "አንቺ አትጹሚ" ብለዋት እምቢ ብላ ትጾማለች። በዚህ አማቷ ሲኮሩ ያልሰማ ጎረቤት የለም። አሁን ግን ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው፦ አምሮት ነው። በሰው ፊት ትጾማለች፣ ከካብ ሥር ጥሬ እንቁላል ትመጥጣለች።

እሑድ ምሳ ላይ ሽሮው እንደቀረበ፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ "ፈቃድ ያለው ሰው በግልጽ ቢበላ ምን አለበት? ቅርፊት ከመደበቅ ይሻላል" አሉ።

ተስፉ አልገባውም። ዲና ገባት። እጇን ታጥባ ከገበታው ተነሣች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ለዚያውም በጾም።

ሰኞ ተስፉ ሥራ እንደሄደ ሻንጣዋን ሳሎን አወጣች።

"ቦሌ ሚካኤል እናቴ ጋ ልሄድ ነው፣ አባባ።"

"እስከ ፋሲካ?"

"እዚያው እወልዳለሁ።"

ጋሽ ገብረዋሕድ ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ስም ሲመርጡ የከረሙ ሰው ናቸው። ነገር ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ያጠፋ ሰው ነው፣ ያጠፋችው ደግሞ እሷ ናት። ስለዚህ ዶሮ ሊያዩ ወጡ።

ጭዱ ላይ እባብ ነበር። ውፍረቱ አውራ ጣት ያክላል፤ ቡናማ ነው፣ ጀርባው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለበት። ከአጥሩ ማዶ ያለውን ባዶ መሬት ኤክስካቫተር መገልበጥ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ቤቱ ቢፈርስበት ወደ እሳቸው ካብ ተሰዶ ይሆናል። አካፋ አነሡ። ሊመቱ ሲሉ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ።

እባቡ አፉን እንቁላል ላይ ገጥሞ ነበር። ጭንቅላቱ ከጣት ጫፍ አይበልጥም። አይችልም፣ አሉ በልባቸው። አፉ ተከፈተ፤ ከዚያ መከፈት ከሚገባው በላይ ተከፈተ። መንጋጋው በቀኝ ትንሽ ሄደ፣ በግራ ትንሽ ሄደ፤ እንቁላሉን እንደ መዋጥ ሳይሆን ራሱን እንደ ካልሲ እንቁላሉ ላይ ያጠልቅ ነበር። የአንገቱ ቆዳ እስኪሳሳ ተወጠረ። አይቸኩልም፣ አይታገልም። ዶሮዋ እንኳ አጠገቡ ቆማ ዝም ብላ ታያለች። እንቁላሉ ከነሙሉነቱ ገባ። ከዚያ እባቡ አንገቱን አጎበጠ፤ ጋሽ ገብረዋሕድ ከሰውነቱ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰሙ። እብጠቱ እየጎደለ፣ እየጎደለ ጠፋ።

አካፋውን ካቡ ላይ አስደገፉ። እጅ የለው፣ ሲያኝክ አላዩት፤ ይህን ጥበብ ማን አስተማረው? ሰባ ዓመት በምድር ላይ ኖረው እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አለማወቃቸው አስደነቃቸው፣ አሳፈራቸውም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ይህን ብቻቸውን ማየት አልቻሉም፤ ጠቡን ጭራሽ ረሱት።

"ዲና" ብለው ተጣሩ በቀስታ። "ልጄ፣ ኮቴሽን ሳታሰሚ ነይ።"

የጠራችው መኪና እስኪደርስ ስልኳን ይዛ ቆማ ነበር። መጣች፣ እባቡን አይታ ክንዳቸውን ያዘች። እባቡ አፉን በሰፊው ከፈተ፣ አንገቱን እያጎበጠ ደጋግሞ አማጠና ቅርፊቱን ጭዱ ላይ ተፋ። ተጨማዷል፣ በስስ ቆዳው ተያይዟል፣ ጠብታ የለበትም።

ጋሽ ገብረዋሕድ ያንን ቅርፊት አወቁት። ዲናም ፊታቸውን አይታ ሁሉንም አወቀች። ክንዳቸውን ለቀቀች።

"ይህን ባያዩ ኖሮ እስከ መቼ ነበር የሚጠረጥሩኝ፣ አባባ?"

መዋሸት ፈለጉ። ያንን ካዩ በኋላ ግን አቃታቸው።

"እስክሞት" አሉ።

ከካቡ አናት ድንጋይ አነሡ፣ ማጅራታቸው ላይ አደረጉና ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ለልጅ ሚስት ድንጋይ የተሸከመ አማት በዘራቸውም አልነበረ።

"አባባ፣ በማርያም፣ ይነሡ።"

"አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።"

ስልኳ ጠራ። ሾፌሩ ነበር፤ በር ላይ ደርሷል። ዲና ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሽበታሙ አናት አየች፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች በመጨረሻ።

ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሣችላቸው። ወዲያው ግን ወደ ቦታው አልመለሰችውም። እባቡ ወደ ካቡ ውስጥ እየገባ ነበር፤ የጅራቱ ጫፍ እስኪሰወር ጠበቀች፣ ከዚያ ድንጋዩን ቀዳዳውን በማይዘጋበት በኩል በቀስታ አስቀመጠች።

"አካፋውን ወደ ውስጥ ያስገቡልኝ" አለቻቸው። "ሾፌሩን ልሸኘው፤ ተስፉ ከሥራ ሲመጣ ስለ እባቡ እኔ አስረዳዋለሁ።"