ደህና ነኝ ያለው ከሳሽ

ስማዳ ውስጥ ሳይሻለው «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ውሸታም አይባልም፤ አሳዳጊ እንዳልበደለው ይታወቅለታል እንጂ። ጓዴ የሚባለውን ገበሬ ደግሞ አሳዳጊ ጨርሶ አልበደለውም። ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ «እንዴት ነህ?» ላለው መንገደኛ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና፣ የሰውየውን ልጆች፣ ከብትና አዝመራ በየተራ ጠይቆ ሲያበቃ ነው ውኃ የሚለምነው።

ይህ ጓዴ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍበትን ዋሻ ሲሰረስር አራት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ተራራው በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ፈንጂ ይቀበራል፣ ይፈነዳል፣ ጭሱ ሳይወጣ ተመልሶ ይገባል። የድንጋዩ ብናኝ እንደ ዱቄት ስለነበር ከሥራ ሲወጡ ከወፍጮ ቤት የመጡ ይመስሉ ነበር። ማስክ አልነበረም ማለት ግን ኮንትራክተሩን ማማት ነው። ነበር፤ የክት ነበር። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይታደላል፣ ተቆጣጣሪው ምሳውን በልቶ ሲሄድ ተቆጥሮ ይሰበሰባል።

ዋሻው አልቆ ጓዴ አገሩ ሲገባ፣ የተራራው ሩብ ያህል ደረቱ ውስጥ አብሮት ገባ። ሳል ያዘው። ከዚያ ትንፋሽ አጠረው። የጤና ጣቢያው ነርስ ደረቱን ካዳመጠ በኋላ እውነቱን ነገረው፦ «ይህ የሥራ በሽታ ነው። ከዋሻው መምጣቱ በሕግ ከተረጋገጠ ኩባንያው ያሳክምሃል፣ የጉዳት ካሣም ይቆርጥልሃል። ካልተረጋገጠ ግን እርሻህንም ራስህንም እያጣህ ትሄዳለህ።»

ሚስቱ ቦጋለች ይህን እንደሰማች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ወደሚጽፈው ምስጋናው ሄደች። የሥራ ውሉ የተፈረመው በስማዳዋ ከተማ በወገዳ ስለነበር ክሱም ወገዳ ተከፈተ። ፍርድ ቤቱም ጓዴን ወደ ሕክምና ቦርድ ላከው።

ቦርዱ ዘንድ ሦስት ሐኪሞች በአንድ ጠረጴዛ ተሰልፈው ጠበቁት። ጓዴ ባርኔጣውን አውልቆ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንዴት ነህ ጋሼ?» አለ መሃለኛው፣ እስክሪብቶውን እያነሣ።

ምን ይበል? ሦስት የተከበሩ ሰዎች ነጭ ለብሰው ሰላም ብለውታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተ እንዴት ናችሁ? ልጆች ደህና? አገሩ ሰላም ነው?»

ሐኪሙ ጻፈ።

«ትንፋሽስ?»

«ተመስገን፣ ይገባል ይወጣል።»

ጻፈ።

«ሥራ ትሠራለህ?»

«ምን ሥራ አለ ብለው ነው፣ ማረስ ነው እንጂ።»

ይህንም ጻፈ። የትንፋሽ መለኪያው ተበላሽቶ ነበር፤ የራጅ ባለሙያው ለቅሶ ሄዶ ነበር። ስለዚህ ቦርዱ በተገኘው ማስረጃ ወሰነ። ከሳምንት በኋላ ምስጋናው ወረቀቱን ለቦጋለች አነበበላት፦ «ታካሚው ደህና መሆኑን በራሱ አንደበት ገልጿል። ትንፋሹ ይገባል፤ ይወጣል። ያርሳል። የጉዳት መጠን፦ ዜሮ በመቶ።»

ቦጋለች ቤት እስክትደርስ አልቻለችም፤ ገና ከአጥሩ ውጭ ጀመረች።

«አንተ ሰው! በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?»

«ሰላም ብለውኝ ነው እኮ! ሰላም ያለኝን ሰው ታምሜአለሁ ብዬ ፊቱን ላጥቁረው?»

«ዜሮ አሉህ!»

«ይበሉ። ከዜሮ በታች አላሉኝ፣ ተመስገን።»

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበርና ቦጋለች ልምምድ አስጀመረችው። ወንፊት በእጇ እንደያዘች ወደ ደጅ ትወጣና እንደ እንግዳ ታንኳኳለች።

«እንዴት ነህ?»

«ደህ...»

ወንፊቱ ይነሣል።

«አመ... አመመ... ተመስገን።»

ነገሩ ከወንፊት በላይ መሆኑን ስታይ የንስሐ አባታቸውን አባ ገብሬን አስጠራች። አባ ገብሬ ቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው የተማሩ፣ ቀልድ የማይጠሉ ካህን ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ አሞኛል ማለት ኃጢአት ነው ያለህ ማን ነው?» አሉት።

«ማጉረምረም ይሆንብኛል፣ አባቴ።»

«ኢዮብ ስንት ምዕራፍ ሙሉ አላጉረመረመም?»

«ኢዮብማ ፍርድ ቤት አልከሰሰ።»

«እንዴት አልከሰሰ! እሱ የተሟገተው ከፈጣሪው ጋር ነው። አንተ የከሰስኸው ኮንትራክተር ነው፤ ኮንትራክተር በለጠብህ?»

ጓዴ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ አባ ገብሬ እስኪያልፍለት መስቀላቸውን ይዘው ጠበቁ። ሲያልፍለት «እንዴት ነህ አሁን?» አሉት። «ደህና ነኝ፣ አባቴ» አለ። ቦጋለች ወንፊቷን ጣለች።

የቀጠሮው ቀን የኩባንያው ጠበቃ ካሌብ ከአዲስ አበባ መጣ። ጓዴ ግቢው ውስጥ አግኝቶት፣ ባላጋራው ቢሆንም እንግዳ ነውና፣ «እንዴት ነህ ወንድሜ?» አለው።

«አትጠይቀኝ! መንገዳችሁ ወገቤን ቆረጠው። ከመኪና ስወርድ ሁለት ሰው ነው የደገፈኝ።»

ጓዴ ከልቡ አዘነለት። ይህን ያህል ተምሮ፣ አንድ የሚያሳድገው ሰው ይጣ?

ችሎቱ ተሰየመ። ዳኛዋ ፅጌረዳ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ገና ወጣት ናት። ካሌብ ወገቡን ደግፎ ተነሣና የቦርዱን ወረቀት አነበበ። «ክብርት ዳኛ፣ ደህና ነኝ ያለው ራሱ ከሳሽ ነው። እኛ ምን እንጨምር?»

«ከሳሽ፣ ብለሃል?» አለች ዳኛዋ።

«ብያለሁ።»

ምስክር ሆና የቀረበችው ቦጋለች ብድግ አለች። «ክብርት ዳኛ፣ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቀው ይፈቀድልኝ።» ዳኛዋ ራሷን ነቀነቀች።

«ጓዴ፣ በቅሏችን እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ኅዳር ላይ ገደል ገብታ የለም ወይ?»

«ገብታለች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ... ተመስገን፣ እኔ አልተቀመጥኩባትም ነበር።»

«የቤታችን ጣሪያስ?»

«ደህና ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ነፋሱ ወስዶት... የጎረቤት ገብስ ላይ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ቦጋለች ረትታ የጨረሰች መስሏት ልትቀመጥ ስትል ካሌብ ወገቡን ረስቶ ዘለለ።

«ክብርት ዳኛ፣ ይመዝገብልኝ! ከሳሽ ውሸታም መሆኑን የገዛ ምስክሩ አስረዳችልኝ። የሞተች በቅሎ ደህና ናት ያለ ሰው፣ ማስክ ነሡኝ፣ ብናኝ አስጎነጩኝ ቢል ማን ያምነዋል?»

ሳቁ ቆመ። የጓዴ ፊት ተለዋወጠ። በአርባ ሁለት ዓመቱ ብዙ ነገር ተብሏል፤ ውሸታም ግን ተብሎ አያውቅም። ሳይፈቀድለት ተነሣ።

«እኔ ውሸታም አይደለሁም። የጠየቀኝን እመልሳለሁ። እስካሁን ግን ሁሉም ሰላም አለኝ እንጂ፣ ማን ጠየቀኝ?»

ፅጌረዳ መነጽሯን አወለቀች። «እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ። ስታርስ ምን ትሆናለህ?»

ጓዴ ትንሽ አሰበ። ይህ እውነትም ሰላምታ አልነበረም።

«አንድ ትልም ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ እቆማለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ በሬዎቹ ምን ሆነ ብለው ዞረው ያዩኝ ነበር። አሁን ለምደውታል፤ ሳልነግራቸው ራሳቸው ይቆሙልኛል።»

ዳኛዋ ጻፈች።

«ቅዳሴ ስሄድ ዳገቱን እስክወጣ ሰው እየተመለሰ ያገኘኛል። ጓዴ ሃይማኖቱ ላላ ይሉኛል። እኔም ከምናገር ይላላ ብዬ...» ሳሉ መጣበት። ዳኛዋም፣ ካሌብም፣ በር ላይ የቆመው ፖሊስም ሳሉ እስኪያበቃ ጠበቁ። ሳሉም የሚቸኩልበት ጉዳይ አልነበረውም።

የዚያን ቀኑ ትእዛዝ እስከ ዛሬ በወገዳ ሻይ ቤቶች ይነበባል፦ «ቦርዱ ከሳሽን በራጅና በትንፋሽ መለኪያ ብቻ እንደገና እንዲመረምር፤ ምርመራው እስኪያበቃ ድረስም 'እንዴት ነህ?' ብሎ እንዳይጠይቀው ታዟል።»

ሐኪሞቹ ትእዛዙን አከበሩ። ጓዴ እጅ ነሣ፤ ዝም። ልጆቻቸውን ጠየቀ፤ ዝም። «ምን በደልኋቸው?» እያለ ልቡ አዝኖ ራጅ ተነሣ፤ ለቅሶ የሄደው ባለሙያ ተመልሶ ነበር። መለኪያው ተጠግኖ ቱቦውን አፉ ውስጥ ከተቱለት። «ንፋ!» አሉት፤ ያሉት ቃል ይኸው ብቻ ነው። ነፋ። መሣሪያው እንደ ጓዴ አስተዳደግ አልነበረውምና ያየውን ተናገረ።

አርባ አምስት በመቶ። ምክንያት፦ የዋሻ ሥራ ያመጣው የድንጋይ ብናኝ።

ፍርዱ የተነበበ ዕለት ቦጋለች እልል ልትል አፏን ይዛ ወጣች። ኩባንያው ያሳክመዋል፣ ካሣውንም ይቆርጥለታል፤ በሬዎቹም ከእንግዲህ በካሣው ለሚቀጠር አራሽ ይቆማሉ። ግቢው ውስጥ ካሌብ ለመሰናበት ጠጋ አለ፤ ትናንት የመጣበት ያው መንገድ አሁንም ከወገቡ አልወጣም።

«እንግዲህ ረታኸን» አለ እጁን እየዘረጋ። «እንዴት ነህ ታዲያ አያ ጓዴ?»

ጓዴ አፉን ከፈተ። ቦጋለች ተረከዟን የእግሩ ጣት ላይ አሳረፈች።

«አሞኛል» አለ ጓዴ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሰማይ ወድቆ እንደሆን ቀና ብሎ አየ። አልወደቀም። «አሞኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያንተስ ወገብ?»

ካሌብ ወገቡን በአንድ እጁ ደገፈ። በዙሪያው ያለውን ሰው ቃኘ፤ ሁሉም መልሱን እየጠበቀ ነው።

«ደህና ነው» አለ። «ተመስገን።»