ጠብቅ የምትለው መስመር

መምህር ሰብስቤ ጣታቸውን ከብሬል ወረቀቱ ላይ አንስተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሊዲዬ፣ ማሽንሽ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? 'ስልም ልጅች' አለኝ።"

"ሰላም ልጆች ብዬ ነበር የላክሁት፣ ጋሼ።"

"እሱማ ገብቶኛል። አናባቢዎቹን ጠራርጎ ውጧቸዋል። የቀረው ሳድስ ብቻ ነው።"

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ዓይነ ስውሯ ተማሪ ሀሴት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "በዚህ ሙቀት አፉን ብርድ መታው እንዴ፣ ቲቸር?"

ሊዲ አልሳቀችም። በብሬል አንድ የአማርኛ ፊደል ለሁለት ይከፈላል፤ መጀመሪያ ተነባቢው ይመታል፣ አናባቢው በራሱ ነጥቦች ይከተለዋል። የሚከተለው ሲጠፋ የሚቀረው ሳድስ ነው። ማሽኑ ታዲያ ተነባቢውን እየመታ አናባቢውን ይዘላል። ለምን?

የብሬል ማተሚያው ራሱ ደህና ነው። የሞተው አብሮት የኖረው ኮምፒውተር ነበር፤ ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። በምትኩ የመጣው ኮምፒውተር የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፣ የማተሚያው ድራይቨር ደግሞ ከድሮው ዊንዶውስ ሌላ አያውቅም። ድራይቨር በኮምፒውተሩና በማሽኑ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከሌለ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይግባቡም። የማሽኑ አምራች ሲዘጋ ኮዱን ለፈለገ ሁሉ ለቆት ነበርና፣ ሊዲ አዳማ ከምትሠራበት የሶፍትዌር ቢሮ ፈቃድ ወስዳ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥታ መስመር በመስመር ወደ ሊኑክስ እያሻገረችው ነው።

ነገ ጠዋት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ በብሬል የምትፈተነው ሀሴት ብቻ ናት። ጥያቄው ማለዳ በፍላሽ ይመጣል። ማሽኑ ካላተመው ሀሴት ጥያቄውን የምትሰማው ከአንባቢ አፍ ይሆናል።

"አንባቢ ቢመደብልሽ ምን አለበት?" ብላ ሊዲ ጠዋት ጠይቃት ነበር።

"ባለፈው የተመደበልኝ ሰውዬ ክፉ አልነበረም" አለች ሀሴት። "ብቻ 'ይድገሙልኝ' ስለው ይተነፍሳል። ኡፍ እንኳ አይልም፤ በቃ፣ ይተነፍሳል። ከዚያ ወዲያ ያልገባኝንም ገባኝ አልኩ።"

ሊዲ የድሮውን ኮድ እንደገና ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። መሃል ላይ ደረሰችና ፊቷ ጋለ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ "ጠብቅ" የምትል አንዲት መስመር ነበረች፤ ለምን እንደምትጠብቅ የሚገልጽ ማብራሪያ የላትም። ትናንት ሊዲ የድሮ ሰው ዝግመት መስላት ሰርዛታለች። አዲሱ ኮምፒውተር ፈጣን ነው፣ ምን ያስጠብቀዋል ብላ። የማሽኑ መዶሻ ግን ተነባቢውን መትቶ ሳይመለስ አናባቢው እየደረሰበት ኖሯል።

መስመሯን መለሰቻት። ማሽኑ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ አንድ ገጽ አወጣ፤ ገጹ እንከን አልነበረውም። ዘገምተኛነቱ ግን አስደነገጣት። እንዲህ ከሄደ ፈተናው ተጀምሮም ታትሞ አያልቅም። ጥበቃውን በግማሽ ቀነሰችው። አሁን ማሽኑ እንደ ዝናብ ወረደ።

መምህር ሰብስቤ ሊዲ ለሙከራ ከጂኦግራፊ መጽሐፍ የላከቻቸውን ገጾች አነበቡ። አንደኛው ደህና፣ ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ቆመ።

"'የስምጥ ሸለቆ ምሬት ለምን ለም ሆነ?' ይላል።"

"መሬት ነው፣ ጋሼ።"

"ያንቺ መሬት ነው። የእሱ ምሬት ነው።"

"ጥያቄው ስለ ምሬት ከሆነማ አሥር ከአሥር ነኝ!" አለች ሀሴት።

ምክትል ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ጥሩነሽ ስልካቸውን እንደያዙ ገቡ። "ትምህርት ቢሮዎቹ መልስ ይፈልጋሉ። ይሠራል ልበላቸው ወይስ አንባቢ ይመድቡ?"

"አንዳንዴ አንድ አናባቢ ይጥላል" አለች ሊዲ።

"አንድ? በስንት ገጽ?"

"በሦስት ገጽ አንድ አገኘን።"

"እናቴ፣ አንድ ፊደል እኮ ናት! እኔ የምጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ስንት ይጣላል መሰለሽ?"

"የርስዎን ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት የሚያነብልዎ አለ" አሉ መምህር ሰብስቤ። "ነገ ግን ፈተናውን ቀድሞ መንካት ክልክል ነው። የመጀመሪያዋ አንባቢ ራሷ ተፈታኟ ናት።"

"በሰዓቱ ያልደረሰ ፈተናስ ምን ይባላል?" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። ስልካቸው እጃቸው ላይ ጮኸ፤ ዘጉት። "ወስኚ፣ ልጄ።"

ሊዲ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ፈጣኑን ብትመርጥ ማንም አያውቅባትም። አንዲት ልጅ አንድ ጥያቄ ላይ ትደናበራለች፤ ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል።

"ሀሴት፣ አንድ ገጽ ለማንበብ ብዙ ይፈጅብሻል?"

"እኔ? ከክፍሉ ሁሉ ቀርፋፋዋ ነኝ።"

"ከማሽኑስ?"

ሀሴት ከወንበሯ ተነሳች። "ይሞክረኛ!"

ሊዲ ጥበቃውን ሙሉ አድርጋ አንድ ገጽ ላከች። ሀሴት በበኩሏ ከጠረጴዛው ላይ ያላነበበችውን ገጽ ወሰደች። ማሽኑ ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ የልጅቷ ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ሄደ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሳያውቁት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ማንም አላነሳውም። ማሽኑ ወረቀቱን ተፍቶ ዝም ሲል ሀሴት ገና ሁለት መስመር ይቀራት ነበር።

"ቀደመኝ" አለች፣ ጣቷን ሳታነሳ። "አንድ ጊዜ ደግሜ ስላነበብኩ ነው።"

ሊዲ ወደ ኮዱ ዞረች። "ጠብቅ" ከምትለው መስመር አጠገብ የድሮው ሰው ያልጻፈውን ማብራሪያ በአማርኛ ጻፈች፦ "አይሰረዝ። አናባቢው እስኪደርስ ነው።" ከዚያ አስቀመጠችው።

"ይደውሉላቸው፣ እትዬ" አለች። "ይሠራል ይበሉ። ፈተናው ግን የሚደርሳት ገጽ በገጽ ነው፤ አንዱን ስታነብ ቀጣዩ ይታተማል፤ እኔም ነገ ከማሽኑ አጠገብ እሆናለሁ።"