ሁለት ጣት ትርፍ

በዚያ ቤት ውስጥ የትኛውን ዕቃ ልብስ ሰፊው እንደ ሠራው ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ትከሻ ይናገራል። የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ከግድግዳው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ወጣ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ይጎሽማል። የቁም ሣጥኑ መሳቢያ ደግሞ ወደ ውስጥ ለመግባት ሁለት ጣት ስለሚሰፋ፣ ከተሠራ ጀምሮ አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ድመቷ መኝታዋ አድርጋዋለች፤ እስካሁን በባለቤቱ የእንጨት ሥራ የረካች እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰውየው ልኬት የማያውቅ ሆኖ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የኖረ፣ ደንበኛው ገና ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ የወገቡን ልክ በዓይኑ የሚገምት ሰው ነው። እንጨትም ሲለካ በትክክል ይለካል፣ በትክክል ይጽፋል። ጉዱ የሚመጣው መጋዙን ሲያነሳ ነው። እጁ ማንንም ሳያስፈቅድ ለስፌት የሚተወውን ሁለት ጣት ትርፍ ጨምሮ ይቆርጣል። የሰፋ ልብስ ይጠባል፣ የጠበበ ግን አይሰፋም፤ ያ እጅ ስንት ዘመን የኖረው በዚህ ሕግ ነው። እንጨት ወደ ውስጥ እንደማይታጠፍ ጭንቅላቱ ያውቃል፤ እጁ ግን እስከ ዛሬ አላመነም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በአናጺ ቤት ውስጥ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠሩት አማቱ ነበሩ። ሽማግሌው ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው የሥራ ክፍላቸው ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለው፣ ወደ ሳሎኑ የሚያስገባው ግን ባዶ መቃን ብቻ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው የቤቱን ወሬ መስማት አለበት ይሉ ነበርና በር አልገጠሙለትም። በዚያ ክፍል ትተውት የሄዱት መሣሪያዎቻቸውን፣ አምስት ጣውላ፣ አንድ ጥቅል ሸራና ሻምበልን ነው።

ሻምበል ውሻ ነው። አርጅቷል፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ መስማት ካቆሙ ቆይተዋል። ቀኑን ሙሉ ከጌታው የሥራ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሞ ይውላል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሰው እንደ መጣ ያውቃል፣ ጅራቱን አንድ ጊዜ መታ ያደርጋል፣ ሰላምታው ያ ብቻ ነው።

የቤቱ አዛዥ ግን እሱ አይደለም። የቤቱ አዛዥ የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ናት። ስትቆጣ እጇን ወገቧ ላይ የጫነች ስለምትመስል አባቷ «እሜቴ» ይላታል። እሜቴ መዳህ የጀመረች ሰሞን ቤቱን በሙሉ ስትፈትሽ ከረመችና አንድ ከሰዓት በኋላ የሥራው ክፍል ደረሰች። ሻምበል ተኝቶ ነበር። ጆሮውን ጨምድዳ ጎተተችው። ውሻው በእንቅልፍ ልቡ ደንግጦ ብድግ አለ፣ ጥርሱን አውጥቶ አየሩን ነከሰ። አልነካትም። ማን እንደሆነች ሲያይ ራሱ አፍሮ ጠረጴዛው ሥር ገባና እስከ ማታ ምግብ አልቀመሰም። እናትየው ግን ከመቃኑ ሥር ቆማ ሁሉንም አይታለች። ሮጣ ሕፃኗን አነሳቻት።

እሷ በክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። እዚያ እያንዳንዱ ነገር ቁጥርና ቦታ አለው፤ እሷም እንደዚያው ናት፤ አትጮህም፣ አታለቅስም፣ ቦታ ቦታውን ታስይዛለች። በማግስቱ ቁርጡን ነገረችው። ወይ በሁለት ሳምንት ውስጥ በሥራው ክፍል መግቢያ ላይ በር ይገጠማል፣ ወይ ደግሞ ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወንድሟ መጥቶ ውሻውን ይወስደዋል። ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከከተማው ዳር መጋዘን አለው። መስማት የተሳነው ውሻ ለጥበቃ ምን ይሠራልሃል ሲሉት፣ ሌባው መስማት እንደማይችል በምን ያውቃል ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ሰንሰለት እንደሚያስፈልገው ግን አልሸሸገም። ሻምበል ደግሞ በዕድሜው ሙሉ ገመድ አንገቱን ነክቶት አያውቅም።

ልብስ ሰፊው ሻምበል እንዲሄድ አልፈለገም። ስለ ውሻው ብቻ አልነበረም። አባቷ ካረፉ ወዲህ ሚስቱ በየማለዳው ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት እዚያ ክፍል ትገባለች፤ ጎንበስ ብላ እጇን የሻምበል ራስ ላይ ታደርጋለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ቃል ሳትናገር ትወጣለች። ያያት አይመስላትም፣ እሱም እንዳየ ነግሯት አያውቅም። ውሻው ከሄደ ያቺ ትንሽ ጊዜም አብራ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ሐዘኗን የት እንደምታስቀምጠው እንጃ።

የሰፈሩን አናጺ ሄዶ ለመነው። አናጺው እስከሚቀጥለው ወር እጁ አይፈታም። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ቤቱ ተመልሶ «በሩን እኔው እሠራዋለሁ» አለ።

ሚስቱ ወደ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ አንድ ጊዜ ዓይኗን ወረወረችና መለሰችው።  ትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ደግነትም አለ።

እስከ ወገብ የሚደርስ ግማሽ በር ነበር የታሰበው። በመጀመሪያው እሑድ አማቱ ከተዉት ጣውላ ሦስቱን ቆርጦ በሚስማር መታቸው። ሲያቆመው ልክ እንደ ልማዱ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጣት ይተርፋል፤ መቃኑ ሊያስገባው አልቻለም። ሚስቱ ሕፃኗን አዝላ መጥታ አየችው። «ሰፋ» አለች በለሆሳስ። ከደንበኛ ቢሆን ኖሮ በደስታ የሚሰማው ቃል ነበር፤ የሰፋ መድኃኒት አለውና። በሳምንቱ አጋማሽ ከስፌት ሱቁ እየተመለሰ የተረፈውን ሊቀንስ ተቀመጠ። ቀነሰ፣ ሰያፍ ሆነበት፤ ሰያፉን ሊያቃና እንደገና ቀነሰ፤ ማጠፊያው እንዲገባ ሌላ ቀነሰ። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት የቀሩትን ሁለት ጣውላዎች ጨመረበት፣ እነሱንም አበላሻቸው። ድመቷ በየመሐሉ እየመጣች ፍቅፋቂው ላይ ትንከባለላለች፤ ሂጂ ቢላት ጆሮ ዳባ ልበስ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሩን ገጠመው። ሚስማር በከንፈሩ እንደያዘ ራቅ ብሎ ሊያየው ሲል፣ እሜቴ በበሩና በመቃኑ መካከል በተረፈው ክፍተት አንድ ክንዷን፣ ቀጥላ ትከሻዋን አስገባች፤ ከዚያ ትንሽ ተጠማዘዘችና ወዲያኛው ክፍል ተገኘች። ዘወር ብላ አባቷን አየችው። በሩን የሠራላት ለጨዋታ መስሏታል።

ሌላ ጣውላ አልነበረም።

ሕፃኗን አቅፎ ወደ መኝታ ቤት ሲወስዳት አልጋው ላይ ቦርሳ አየ። የሻምበል የምግብ ሳህን፣ ብርድ ልብሱ፣ ማበጠሪያው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ተደርድሯል። ከላይ ክርኑ ላይ ያለቀ የአማቱ የሥራ ሹራብ ታጥፎ ተቀምጧል። ሚስቱ በጓሮው በኩል ስልክ ታወራለች። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ና ስትል ድምጿ ደህና ነበር። «ሹራቡን አንጥፍለት፤ ሽታው ያጽናናዋል» ስትል ግን ተቆራረጠባት። ስልኩን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልብስ ሰፊው ሕፃኗን አስተኛት። አንድ በር ነበር የተጠየቀው፤ ከአንድ አናጺ ቤት አንድ በር።

ተመልሶ የሥራው ክፍል ገባና መሬት ላይ ተቀመጠ። ሻምበል ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ አገጩን ጭኑ ላይ ጣለለት። ሰውየው የውሻውን አንገት እያሻሸ ዓይኑን በክፍሉ ሲያንከራትት፣ ጥጉ ላይ የቆመው የሸራ ጥቅል ላይ አረፈ።

ያንን ሸራ ያውቀዋል። ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ ዕለት ሽማግሌው መጀመሪያ የሰጡት ወንበር አልነበረም፤ ጣውላቸውን ከዝናብ የሚያለብሱበትን፣ መሐሉ የተተረተረ ሸራ ነበር። እጅህን ልየው አሉት። ወስዶ በእጥፍ ክር፣ ደርቦ፣ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሰፍቶ መለሰላቸው። ሽማግሌው ተቀብለው ጣውላው ላይ ጣል አደረጉትና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ሠርጉ ሆነ፣ ዓመታት አለፉ፣ ስለዚያ ስፌት ግን አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። «የጨርቅ ሰው» እያሉ ሲቀልዱበት እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ውስጥ ውስጡን ግን ቅር ይለው ነበር። አሁን ከመሬት ተነሥቶ ጥቅሉን ፈታ። ስፌቱ አለ። አንዲት ክር አልተላቀቀችም።

የጨርቅ ሰው፣ አለ ለራሱ። ታዲያ ምን ቆርጦት ነው ሁለት ሳምንት ከእንጨት ጋር የሚታገለው?

ቅዳሜ ማለዳ ሸራውን ትከሻው ላይ ጭኖ ሱቁ ገባ። ለካ፤ ሲቆርጥ እጁ እንደ ልማዱ ሁለት ጣት ጨመረ፤ ዛሬ ግን አልተቆጣውም። ሸራውን ደረበ፣ በጎንና በጎኑ እንጨት የሚገባበት እጀታ የመሰለ ሰፊ እጥፋት አበጀለት። የስፌት መኪናው በወፍራሙ ጨርቅ ላይ እያቃሰተ አለፈ። አምስት ሰዓት ላይ ቤቱ ነበር። የተበላሸውን በር ፈትቶ ሁለት ቋሚ እንጨት አወጣና በእጥፋቶቹ ውስጥ ሰደዳቸው። አንዱን ቋሚ በግራው መቃን ላይ በሚስማር መታው። በሌላው ላይ ሦስት ማንጠልጠያ አደረገና በቀኙ መቃን ላይ ከመታቸው ቀለበቶች ጋር አገናኘው። ሸራው ትንሽ ረገበ፤ ሁለት ጣት ይሆናል። ቋሚውን ነቅሎ አንድ ጊዜ አዙሮ መልሶ ሲያንጠለጥለው ትርፉ እንጨቱ ላይ ተጠቀለለና ሸራው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ልብስ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ ልኩ የሆነ ነገር ሠራ።

ሹፌሩ የመጣው በሰዓቱ ነው። እህቱ ቦርሳውን በእጇ ይዛ ሳሎን ውስጥ ቆማ ነበር። ሹፌሩ ሸራውን አይቶ ድንኳን ልትተክሉ ነው ወይ ብሎ ቀለደ። ሻምበል የመሬቱ መንቀጥቀጥ ቀስቅሶት ከወዲያ በኩል መጣ። እሜቴም ከወዲህ በኩል እየዳኸች ደረሰች። በታች ሞከረች፣ እጇ አላልፍ አላት። በጎን ሞከረች፣ እምቢ አላት። መዳፏን ሸራው ላይ ለጥፋ ቆመች። ከወዲያ የውሻው አፍንጫ መጥቶ ጨርቁን ገፋ አደረገው፤ እሷ ጉብ ያለውን ነገር በጣቷ ነካችና ሳቀች። ውሻው ጅራቱን አንድ ጊዜ መታ አድርጎ ተመልሶ ሄደ፤ ጠረጴዛው ሥር ተኛ። ማንም አልተከተለውም።

ሚስቱ ቦርሳውን ሳትለቅ ጎንበስ ብላ ሸራውን ዳሰሰች። ጣቷ መሐሉ ላይ ያለው አሮጌ ስፌት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለች።  «ይሄን መልሰህ የወጣህ ዕለት አባዬ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ?»

«ጣውላው ላይ ጣሉታ። እያየኋቸው።»

«አንተ ከወጣህ በኋላ ነው የምልህ። አንስቶ በሁለት እጁ ጨብጦ ሊቀደው ታገለ። በጉልበቱ ይዞ ሳበው። ፊቱ እስኪቀላ። እምቢ ሲለው ወደ እኔ ዞሮ ‹ይሄ ልጅ የያዘውን አይለቅም፤ አትፍሪ፣ አግቢው› አለኝ።»

ልብስ ሰፊው ስፌቱን ዳሰሰ። ስንት ዓመት ሙሉ የጨርቅ ሰው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቃል አስገባኛ። አናጺ የልብስ ሰፊ እጅ አመሰገነ እንዳይባል።»

ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሸራውን ከላይ በሁለት እጇ ጨበጠች፣ እግሯን መቃኑ ላይ ደግፋ በሙሉ ኃይሏ ሳበችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ዓመት ከመንፈቅ ቦታ ቦታውን አስይዛ የያዘችው እንባ በሦስተኛው ወጣ። ሸራው ግን ንቅንቅ አላለም። ባሏ ሊይዛት ቀረበ፤ እሷም ያለ ወትሮዋ ወንድሟ ፊት ግንባሯን ደረቱ ላይ ጣለች።

«እንግዲህ እኔ ሌባዬን በማን ላስፈራራ?» አለ ሹፌሩ። መልስም አልጠበቀም፤ እሜቴን ከመሬት አንስቶ ታቀፋት።

ሚስቱ ዓይኗን ጠረገችና ከቦርሳው የአባቷን ሹራብ አወጣች። ማንጠልጠያዎቹን ነቅላ ገባች፣ መልሳም ከኋላዋ ዘጋቻቸው። ከጠረጴዛው ሥር ሹራቡን አንጥፋ ስትጨርስ፣ እንደየማለዳው እጇን የሻምበል ራስ ላይ አደረገች። ባሏ ከሸራው ወዲህ ቆሞ ሲያያት አወቀች፤ እጇን ግን አላነሳችም።