የተቆረጠው ካሳሁን

ፊቱ ተገኘ። ፕሪንተሩ እስኪጨርስ ስድስት ደቂቃ አለኝ፣ ቶሎ ልጻፈው።

ጠዋት እትዬ ሸዋአለም ፎቶ ወደማድስበት ስቱዲዮ መጣች። እዚህ ኻርቱም፣ ደይም ሰፈር፣ ሠላሳ አራት ዓመት የኖረች ልብስ ነጋዴ ናት። ከቦርሳዋ የቤተሰብ ፎቶ አወጣች። ጎንደር የተነሱት ነው፤ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች። ትልቁ ልጅ ፊት የለውም። በፊቱ ቦታ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው ያለው።

«ማነው የቆረጠው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ።»

ወንድሟ ካሳሁን ነው። በሰባ ሰባት አብረው ሱዳን ሲገቡ ለስደተኛ ካርድ ፎቶ አምጣ ተባለ። ስቱዲዮ የለ፣ ገንዘብ የለ። መቀስ ተበደረች። ካሳሁን ካርዱን ይዞ ለሥራ ፖርት ሱዳን ሄደ፣ በዚያው ቀረ። እናታቸው እማማ ምንዳዬ ጎንደር ናቸው፣ ዘጠና አልፏቸዋል። የልጃቸው ሌላ ፎቶ የለም። በስልክ «ያችን ፎቶ ላኪልኝ» ይሏታል። እሷ «ጠፋች» ትላለች። አፍራ አንድ ቀን እንኳን ጎንደር አልሄደችም።

ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ያረጋል የሚባል ነጋዴ ወደ መተማ ይነሳል። ፎቶውን እሱ ያደርሳል።

«ኦምዱርማን አንዱ ፎቶ ቤት ሠርቶልኝ ነበር» አለች። «የማላውቀውን ልጅ ፊት ለጠፈበት። እናቴ ዓይኗ ነው እንጂ ልቧ አልደከመም፤ ልጇን ታውቃለች።»

ጃፋር፣ የስቱዲዮው ባለቤት፣ ሰዓቱን አየ። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ከወረደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቂያዳ፣ የጦሩ መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ ለተቃውሞ የተቀመጡት ወጣቶች የሞቱ ጓደኞቻቸውን ፎቶ ሊያሳትሙ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል።

«ያ ሜሮን፣ ፊት ከሌለ ሱራ የለም። ኸላስ» አለኝ በዓረብኛው፤ ፎቶ የለም፣ አለቀ ማለቱ ነው።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ፖርት ሱዳን ከመሄዱ በፊት የሥራ ወረቀት አውጥቷል?»

«እዚሁ ኻርቱም።»

«ስንት ፎቶ ጠየቁት?»

«አራት።»

«ያለችው አንዷ ካርዱ ላይ ተለጥፋለች። አራት ከየት አመጣ?»

አሰበች። «ሳጃና አንድ ሽማግሌ ካርዱን አነሱለትና አባዙለት።»

ሳጃና የእኛ ስቱዲዮ ያለበት ሰፈር ነው። ያኔ ሳጃና ፎቶ የሚያነሱት የጃፋር አባት ብቻ ነበሩ። ምንም አይጥሉም ነበር። ኔጌቲቮቻቸው ዛሬም በብስኩት ጣሳ፣ ዓመቱ ተጽፎባቸው፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አሉ።

ጃፋርን አየሁት። እሱ ጣሳዎቹን አየ።

«አቧራ ነው» አለ።

«አውርድ።»

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ሰልፉን አታዪም?»

«ወላሂ እኔው እወጣለሁ።»

አወረደ።

ሁለተኛው ጣሳ ውስጥ ነበር። መብራት ላይ ያዝኩት። በአራት ስፒል ግድግዳ ላይ የተሰካ የስደተኛ ካርድ፣ ካርዱ ላይ አንድ ልጅ። እትዬ ሸዋአለም ኔጌቲቭ ማየት አትችልም። ስካነር ውስጥ ከትቼ ስክሪኑ ላይ ጥቁሩን ወደ ነጭ ገለበጥኩላት።

«ጆሮው» አለች። የወንድሟ ነው።

የማኅተሙን ቀለም ከአንገቱ ላይ አጠፋሁ። ቀዳዳው ላይ አስቀመጥኩት። ሸሚዙ ከሸሚዙ ገጠመ። ትከሻው ላይ ግን ሦስት ጣቶች አሉ። ቆሻሻ መስለውኝ ላጠፋቸው ነበር። ከዛ እናትየዋን አየሁ፤ እጃቸው ቀዳዳው ጫፍ ላይ ተቆርጧል። ጣቶቹ የሳቸው ናቸው። ልክ ቦታቸው ገቡ።

ጃፋር ወደ ሰልፉ ዞሮ «አንዲት እናት አለች፣ ጠብቁ» አላቸው። ባንዲራ የለበሰች ልጅ መለሰችለት፤ «ትቅደም። እኛ እንደሆነ ከቂያዳ የትም አንሄድም።»

ፎቶው ከፕሪንተሩ ወጣ።

እትዬ ሸዋአለም ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው።

«ይሄንን በያረጋል እጅ አልልክም» አለች።

ለያረጋል ደወልኩና አጠገቡ ያለውን ወንበር እንዲይዝላት ነገርኩት።